የጋሽ ሙላቴ ቤንዚን

የደሞዜ ሞተር የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ መሳል ጀመረ።

ቀይ ስፖርት ሞተር ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ሲያልፍ ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ፤ ትልልቆቹም አንገታቸውን ያዞራሉ። ደሞዜ የግብርና ባለሙያ ነው። ቤቱ ደብረ ታቦር ሲሆን ሥራው ገሳይ ነው፤ በየቀኑ ይመላለሳል። ቀለበት ያሰረላት ዝናሽም የገሳይ ልጅ ናት። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል።

ሞተሩ ሜዳ ላይ ደህና ነው። ዳገት ሲይዝ ግን ያስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ደሞዜ አዲስ ሞተር ምን ምን እንደሚያመው ከሰው ሁሉ ጠየቀ። ካቴናው ላልቶ ይሆናል አሉት፤ አጠበቀው። ካንዴላው ነው አሉት፤ ቀየረው። ባትሪው ነው አሉት፤ አስሞላው። ሞተሩ እንደገና ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመ። አህያ የሚነዱ ሴቶች እያለፉት ሳቁ።

«ምነው ወንድም ጋሼ፣ ፈረስህ ደከመው? አምጣው ከአህያችን ጋር እንሰረው!»

አንድ ቀን ደግሞ ኩርባ ላይ ጠፋበትና ከኋላው የመጣ አይሱዙ ለጥቂት ሳተው።

እናቱ ወይዘሮ ፈንታነሽ ሞተሩ የመጣ ዕለት «ይኼ አውሬ ልጄን ሊበላብኝ ነው» ብለው እህል አልቀምስም ብለው ነበር። ጣራ ገዳም ተሳልመው ከተመለሱ ወዲህ ግን ፍርሃታቸው ጠፋ። እንዲያውም ልጃቸው ሳይነሳ በማለዳ ሞተሩን በጨርቅ ሲወለውሉ ይገኛሉ። እሱም ደስ አለው። ከሥራ ሲገባ «ዛሬም ታመመብኝ፣ እምዬ» ሲላቸው፣ «ይሻለዋል ልጄ፣ እኔ አለሁለት» ይሉታል።

በማግስቱ ግን ይብስበታል።

ቢቸግረው መካኒኩ ሲሳይ ጋ ወሰደው። ሲሳይ ማጠራቀሚያውን ከሥሩ ፈትቶ ቤንዚኑን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ገለበጠው። ቤንዚኑ ከላይ ቀረ። ከሥሩ ሌላ ነገር ተኛ፤ ዝገት የተቀላቀለበት፣ ድፍርስ ያለ።

ሲሳይ አሸተተና ምራቁን ጢቅ አደረገ።

«ውሃ ነው። ሞተርህን ውሃ እያጠጡልህ ነው፣ ወንድሜ። ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው?»

ደሞዜ የሚቀዳው ከጋሽ ሙላቴ ነው፤ ከዝናሽ አባት። ማደያው ሲደርቅ ገሳይ መንገድ ዳር በሃይላንድ እየሞሉ የሚሸጡት እሳቸው ናቸው።

«በሌላ በኩል ሊገባ አይችልም?» አለ።

«በየት ይገባል? ክዳኑ በቁልፍ ነው የሚከፈት። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔው ጋ። ቤት ስገባ ምሰሶው ላይ እሰቅለዋለሁ።»

«በቃ ታዲያ» አለ ሲሳይ።

ደሞዜ ጠርሙሱን ተቀብሎ ቦርሳው ከተተ። ባለፈው እሑድ ጋሽ ሙላቴ ቤንዚን ቤንዚን በሚለው እጃቸው አጉርሰውታል። ያ ጉርሻ አሁን ጉሮሮው ላይ መጣበት። ልጁን እየዳረ አማቹን አይሱዙ ፊት የሚጥል ምን ዓይነት ሰው ነው? ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ገበታ ሊቀርብ ነው?

በገበያው ቀን ጠርሙሱን ይዞ ገሳይ ወረደ።

«ይኼን ያውቁታል?» አለና አፍንጫቸው ሥር ደቀነው።

ጋሽ ሙላቴ አዩት። «ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ለኔ የሚሸጡልኝ ነዋ! ውሃ!»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ከደረደሩት ሃይላንድ አንዱን አንስተው ትንሽ መሬት ላይ አፈሰሱና ክብሪት ጫሩ። ቦግ ብሎ ነደደ፤ ከሥሩ ምንም አልቀረም። ዳር የቆመ ባለባጃጅ፣ «እኛም ከሳቸው ነው የምንቀዳው። ምን ሆንን?» አለ።

«ለናንተማ ደህናውን ነው። የሚያርደው የቤቱን ሰው ነው።» ደሞዜ ወደ ጋሽ ሙላቴ ዞረ። «ሌባ ነህ! አንተን ብሎ አማት! እጅህን ሳየው ያስታውከኛል!»

ገበያተኛው «ሌባ» ከማለቱ ይልቅ የደነገጠው «አንተ» በማለቱ ነው።

«አሳዳጊ የበደለው!» አለች አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ።

ዝናሽ ከቤት ወጥታ ሁሉን ሰምታለች። ወደ ሞተሩ ሄዳ ቀለበቷን ከጣቷ አወለቀችና መቀመጫው ላይ አኖረችው።

«አባቴን ‹አንተ› ያለ አፍ ስሜን እንዳይጠራ» አለችው።

ደሞዜ ቀለበቱን ኪሱ ከተተ። ሲሳይ ውስጡን አጥቦ ከማደያ ስላስሞላለት፣ ሞተሩ ያን ዕለት ዳገቱን አንዴም ሳያስል ወጣው። ደሞዜም ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። ጥርሱን ነክሶ፣ መንገድ ዳር ምራቁን እየተፋ ቤቱ ገባ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ደጅ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ሠርግ የለም፣ እምዬ። ሰውዬው ሌባ ነው። ቀለበቷንም መልሳለች።»

ደረታቸውን መቱ። «ምን አደረገህ? ዝናሽን የመሰለች ልጅ!»

«ምን እንዳደረገኝማ ተመልከችው። ከሞተሩ ሆድ የወጣ ነው።»

ጠርሙሱን ከቦርሳው አውጥቶ አሳያቸው። ማየቱ ራሱ ቀፈፈው። ክዳኑን ፈታና ደጁ ላይ ሊደፋው ዘቀዘቀ።

እናቱ ምስሩን በትነው ተነሡና እጁን ለቀም አደረጉት፦ «ኧረ እግር በሚረግጠው ላይ አትድፋው፣ ልጄ! ከጣራ ገዳም በጀርባዬ ያመጣሁት ጠበል እኮ ነው!»