በሩ ለምን አልገጠመም

አናጢው ከአእምሮ ሐኪሟ ፊት ለፊት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ነገር በጣቶቹ ያሻሽ ነበር። ዝሎ ነበር። ሲናደድ ደሙ ይፈላል፤ ሲበርድለት ደግሞ ንዴቱ መቼ ይነሳብኝ ይሆን እያለ ሲሰጋ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም።

«ምን አመጣዎት?» አለችው ሐኪሟ።

«በር» አላት። «የሰው በር ሳቃና የምውለው ሰውዬ፣ የገዛ ቤቴ በር አልገጥም አለኝ። እርጥበት ያሳበጠው መስሎኝ በመላጊያ ላግኩት። እምቢ አለ። ተናድጄ እንደገና ላግኩት። በመጨረሻ ከማጠፊያው በኩል ይቺ ወደቀች።»

ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጣት ጨርቅ የታጨቀባት፣ አፏ በክር የታሰረ የሕፃን ካልሲ ነበረች።

«የልጄ ናት። ስናደድ በሩን ድው አድርጌ ነው የምወጣው። ድምፁ እንዳያስደነግጣት የሸጎጠችው እሷ ናት።»

ሐኪሟ ካልሲዋን አንስታ አገላብጣ አየቻት። «እስከሚቀጥለው ቀጠሮ እኔ ጋ ትቆይ?»

አናጢው መዳፉን ዘረጋ።

«አይሆንም ዶክተር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ቦታዋ መልሼ ልሸጉጣት። እኔ እስክድን ልጄ በምን ትተማመናለች?»