የመነጽሩ ቀኝ

«ምን ብሎሽ ነው የምትስቂው?» ይላል ምትኩ፣ ዐይኑን ከመቀየሻ መነጽሩ ሳያነሳ።

«ደርሻለሁ ነው ያለው» ትላለች ጥሩሐረግ፣ ሚስቱ። ቋጥኙ ላይ ተቀምጣ የእጅ ሬዲዮውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ይህን ሁሉ ለፍልፎ ደርሻለሁ ብቻ?»

«ባልሽ ሲርበው ይቆጣል፣ ምሳውን ቶሎ አብዪው ብሎኛል።» እንደገና ትስቃለች።

ምትኩ አይስቅም። እውነትም ርቦታል፣ እውነትም ተቆጥቷል፤ ይህን ደግሞ ማዶ ያለ ሰው ሊነግራት አይገባም።

ማዶ ያለው በለጠ ነው። በመካከላቸው ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ በእግር ተወርዶ ተወጥቶ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የጃንሆይ መንገድ በዚያ ተራራ ትከሻ ያልፋል ተብሎ ምትኩ ከወዲህ በመነጽሩ ይቀይሳል፣ በለጠ ከወዲያ ቀይና ነጩን ዘንግ ይዞ ይቆማል። ሬዲዮዎቹ ሳይመጡ በፊት በጨርቅ ነበር የሚጠቃቀሱት። ማንም ከማንም ጋር አይስቅም ነበር።

ፊት ለፊት ሲሆን በለጠ አማርኛውን አያጣውም። በሬዲዮው ጩኸት ውስጥ ግን ይምታታበታል። አስተርጓሚያቸው ገብረ አምላክ ለቅሶ ሄዷል። ስለዚህ ዛሬ ምሳ ይዛ የመጣችው ጥሩሐረግ፣ የሰቆጣ ልጅ ናትና፣ የባሏን ትእዛዝ በእሷና በበለጠ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ታደርሳለች።

ምትኩ ደብረ ታቦር ነው የተወለደው። ሲያገባት በአገሯ ዘመድ ስላልነበረው በለጠን አንደኛ ሚዜ አደረገው። ከእናቷ ቤት አዝሎ ያወጣት በለጠ ነው። በወጉም ወንድሟ ሆነ፤ «እህቴ ናት» ብሎ በሽማግሌ ፊት ምሏል። በወንድም ይቀናል? ምትኩ ይቀናል።

ጥሩሐረግ ከባሏ ጋር ስታወራ አማርኛዋን መርጣ፣ ቆጥባ ነው። በቋንቋዋ ሲሆን ግን ድምፅዋ ይፈጥናል፣ ይወርዳል፣ ይጫወታል። ምትኩ ሰቆጣ ኖሮ ኖሮ ከኽምጣኛ የያዘው ሰላምታና «ብሉ» የሚለውን ነው። ባልና ሚስት ሆነው አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ፈጥና አላወራችውም። አሁን ያ ሰው ሸለቆ ተሻግሮ ጆሮዋ ውስጥ ገብቷል፤ ባሏ ደግሞ አጠገቧ ቆሞ «ምን አለ?» ይላል።

ዐይኑን መነጽሩ ላይ ይመልሳል። መነጽሩ ዓለምን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ፣ ቀኙ በግራ። በለጠም እግሩን ወደ ላይ አድርጎ ተንጠልጥሏል። ቀያሽ ይህን በሐሳቡ መልሶ ማቃናት ይለምደዋል፤ ምትኩም ከለመደው ቆይቷል። ዘንጉ በመነጽሩ ውስጥ ካለው ቀጭን መስመር ትንሽ ወጥቷል።

«ወደ ቀኝ በይው።»

ቀኝና ግራ የሚቆጠረው ሁልጊዜ ከቀያሹ ወገን ነው፤ ጥሩሐረግ በባዶ ዐይኗ ማዶውን ታያለች። «በቀኝ በኩል ገደሉ አይደለም እንዴ?»

«ቀኝ አልኩሽ! ደግሞ በዚህም ልትከራከሪኝ ነው?»

የሬዲዮውን የመናገሪያ ቁልፍ ተጭና ቀስ ብላ ትናገራለች። ከአንድ ቃል በላይ ነው። ስትለቀው በለጠ ይመልሳል፤ አሁንም እየሳቀ።

«ምን አልሽው?»

«ባሌ ቀኝ ብሏል፣ ግን ተሳስቶ እንዳይሆን፣ ባለህበት ቁም አልኩት።»

«እኔን? በሰው ፊት?» ፊቱ ይግላል። «እሱስ ምን አለ?»

«ምትኩ አይሳሳትም አለ። ቀኝ ካለ ቀኝ ነው አለ።»

በመነጽሩ ውስጥ ዘንጉ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከመስመሩ ይርቃል እንጂ አይቀርብም። ምትኩ ዐይኑን ያሻሸዋል። በለጠ ሁለተኛ እርምጃ ይወስዳል። ከእግሩ ሥር ድንጋይ ተፈንቅሎ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ይወጣል፤ አይቆምም።

ያ ድንጋይ ወደ ገደሉ እየወደቀ ነው።

ቀኝ ሲል በመነጽሩ ያየውን ሳያቃና ነው የተናገረው። ሬዲዮውን ከእጇ ይነጥቃል። «ቁም! በለጠ ቁም!» ይጮኻል፤ የተገለበጠው ሰው ግን ዘንጉን አንስቶ ለሦስተኛው እርምጃ ይዘጋጃል። አይሰማም። ቁልፉን አልተጫነውማ።

የጥሩሐረግ አውራ ጣት በእሱ አውራ ጣት ላይ ያርፍና ይጫነዋል።

«ቁም! ተሳስቻለሁ! ተሳስቻለሁ በለጠ!»

ምትኩ ቁልፉን የሙጥኝ ብሎ ይጠብቃል።

«ልቀቀው እንጂ» ትለዋለች። «ካለቀቅኸው በምን ይመልስልሃል?»

ይለቀዋል። ሬዲዮው ይንኮሻኮሻል፤ በለጠ በአማርኛ፣ አንዳችም ሳይደነግጥ ይመልሳል። «ቆሜያለሁ፣ ወንድሜ። እና ወዴት ልሂድ?»

የምትኩ አፍ ነው የሳተው ወይስ የቀናው ልቡ? ለራሱም አይታወቀውም፤ ከገደሉ ይልቅ ያስፈራው ይኸው ነው። ሬዲዮውን ይመልስላታል።

«አንቺ ምሪው።»

አንድ ጊዜ ፊቱን ታየዋለች። ወደ ማዶ ዞራ በራሷ ቋንቋ ረዘም አድርጋ ታወራለች፤ ፈጥና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። በለጠ አንድ ነገር ይላል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ያው ቅናት እንደገና ይነሣበታል፤ «ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ጉሮሮው ድረስ ይመጣል።

ምትኩ ይውጠዋል። ዐይኑን መነጽሩ ላይ ያደርጋል። ዘንጉ ቀስ እያለ መጥቶ ቀጭኑ መስመር ላይ ይቆማል፤ በለጠ አሁንም እየሳቀ፣ እግሮቹ መሬቱን እንደያዙ፣ ቁልቁል ሰማዩ ላይ ተንጠልጥሏል።