ለዳግም የሮጠችው

ወተቱ ሊገነፍል ሲል ባለቤቴ ማህደር ተነሳች፤ ግን ቀስ እያለች ወደ ምድጃው ሄደች። ስትደርስ ግማሹ ፈስሷል። ለሰው በወር አሥር ደቂቃ ችኮላ ብቻ ከተፈቀደ ወዲህ፣ ድርሻውን የጨረሰ ሰው ልሩጥ ቢል እግሩ አይታዘዝለትም። ወሩ ደግሞ ከገባ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው።

«ማሂ፣ ችኮላሽን ጨረስሽው እንዴ?» አልኳት።

«ትናንት። ዳግም መታወቂያውን ቢሮ ረስቶ ባቡሩ ሊያመልጠው ሲል፣ ሮጬ ጣቢያ አደረስኩለት።»

ዳግም የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ ከእኔ በፊት ደግሞ እጮኛዋ ነበር። ለተቸገረ ሰው መሮጥ ደግ ሥራ ነው። ለሌላ ለማንም ብትሮጥ አመሰግናት ነበር። ለእሱ መሆኑ ግን አንገበገበኝ። እኔ የራሴን ችኮላ በየወሩ ሳልነካ የማቆየው፣ ድንገት ብትፈልገኝ ብዬ ነው።

«ሌላ ባቡር አልነበረም?»

«ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ።»

«ለእኔስ ሮጠሽልኝ ታውቂያለሽ?»

የፈሰሰውን ወተት በጨርቅ ጠረገች። ከዚያ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«አንተማ ትጠብቀኛለህ፤ እሱ መቼ ይጠብቃል!»