የብርቱካን ልጣጭ

መንደሩ ከመቆርቆሩ በፊት ቦታው የብርቱካን እርሻ ነበር። ከከተማው ጭስና ጫጫታ የሸሹ ባለገንዘቦች ተሰባስበው ገዙት፤ ዛፉን መንጥረው ሰፋፊ ቤቶች ሠሩበት። ለማስታወሻ ተብሎ በየግቢው አንድ አንድ ዛፍ ቀረ። የግንብ አጥር እንዳይሠራ፣ ጽድ ብቻ እንዲተከልም ተስማሙ። ጎረቤት ከጎረቤቱ እንዲተያይ ነበር ሐሳቡ።

ጽዱ ግን አደገ። ዛሬ በመንደሩ ጎረቤቱን በመልክ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሰው የሚለየው በመኪናው ነው። መንገዱ ንጹሕ፣ ሣሩ የታጨደ ነው። ከአትክልተኛ መቀስ ሌላ ድምፅ እምብዛም አይሰማም።

የመንደሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። የሚታጠፍ ሜትራቸውን ይዘው የሰው አጥር ሲለኩ ስለሚውሉ ስማቸው ተረስቶ ጋሽ ሜትር ተብለው ቀርተዋል። መጡ ሲባል አትክልተኛው ሁሉ መቀስ ፍለጋ ይሮጣል። ቅጽል ስሙን ያውቁታል፤ አይጠሉትም።

ባለቤታቸው ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም። ጆሯቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ልጆቻቸው አድገው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ሰፍቷቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ጓሮ፣ ብርቱካኑ ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

ከጽዱ ማዶ ያለውን ቤት አንድ ወጣት ተከራይቶ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ገባበት። ጋሽ ሜትር ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። ጽዱን አያስከረክምም። ልጁ ደግሞ ሲሮጥም ሲወድቅም ይጮኻል፤ የቀትር እንቅልፋቸውን ነሥቷቸዋል።

አንድ ቀን ከወጣቱ ደጅ ጀምሮ መንገዱ በመኪና ተዘጋ። ጋሽ ሜትር የልጁ ልደት ይሆናል ብለው ገመቱ። ድግስ ያለበት ሰው አስቀድሞ ለኮሚቴው ማሳወቅ ነበረበት። ሄደው አንኳኩ። ወጣቱ ራሱ ወጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሸሚዙ ተጨማዷል። በጠራራ ፀሐይ ጠጥቷል አሉ በልባቸው። ስለ መኪናውም፣ በዚያው ስለ ልጁ ጩኸትም ነገሩት።

"ሁለተኛ አይኖርም" አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እውነትም ከዚያ ወዲህ ከዚያ ግቢ ኮሽታ አልተሰማም። ጋሽ ሜትር ነገሩን በስብሰባ ላይ እንደ ምሳሌ አነሡት፤ ሰው በጊዜ ከተነገረው ይታረማል አሉ።

ቆይቶ የብርቱካኑ ነገር መጣ። ጽዱን ሊለኩ ጎንበስ ሲሉ ከሥሩ ቀዳዳ አዩ። አንድ ብርቱካን ያሳልፋል። በእሳቸው በኩል ልጣጭ ተከምሯል፤ የደረቀም አለ፣ ገና እርጥብም አለ። አይጥ የቦጫጨቀው ይመስል ሁሉም ብጥስጣሽ ነው።

"ብርቱካናችንን በልቶ ልጣጩን ይመልስልናል" አሉ ለባለቤታቸው። "አላላጡስ! አዋቂ ሰው እንዲህ ይልጣል?"

"ተው አንተ ሰውዬ። ለእኔና ለአንተ ዛፍ ሙሉ ብርቱካን ምን ያደርግልናል?"

ጋሽ ሜትር ቀዳዳውን በሽቦ ደፈኑት። በማግሥቱ ሽቦው ወደ ጎን ተገፍቶ አገኙት።

ጽዱ ተነቅሎ የብሎኬት ግንብ ይሠራልኝ ብለው ለኮሚቴው አመለከቱ። የመንደሩ የመጀመሪያ ግንብ መሆኑ ነው። አባላቱ አቅማሙ፤ ሌባውን እጅ ከፍንጅ ከያዙት ግን እንፈቅዳለን አሏቸው። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ እራታቸውን ሳይነኩ ተነሡ። ለጋሽ ሜትር ባለቤታቸው ሌባውን የፈሩ መሰላቸው።

"አይዞሽ፣ ግንቡ ካለቀ እንኳን ሰው ድመት አያልፍም።"



በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሜትር ለስብሰባ እሄዳለሁ ብለው ወጡና በጎን ተመልሰው ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አደፈጡ። ባለቤታቸው የልብስ ማስጫውን ገመድ እየዳበሱ መጡ። አንድ ብርቱካን ቀጠፉ። በርከክ ብለው ሽቦውን ገፋ አደረጉና ብርቱካኑን ከቀዳዳው ውስጥ አኖሩት።

ጋሽ ሜትር ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

"ና የኔ ጌታ፣ ብላ" አሉ ባለቤታቸው። "ልጣጩን ለእኔ መልስ። እናትህ እራት ሳይደርስ በላህ ብላ እንዳትቆጣህ።"

ከማዶ አንድ እጅ መጣ። ጠጉራም፣ የጋብቻ ቀለበት ያጠለቀ የትልቅ ሰው እጅ ነው። ብርቱካኑን ወሰደ። ቀጥሎ የልጅ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

"እሺ እማማ።"

የባለቤታቸው ፊት በራ። ጋሽ ሜትር ያንን ፊት ካዩት ዘመን የለውም። ደማቸው ፈላ። ሰውየው ሌብነቱ ሳያንሰው የደከመች ሴት ያታልላል። በፊት ለፊት በር ወጥተው ዞሩና ሳያንኳኩ ወደ ወጣቱ ግቢ ገቡ።

ጥግ ላይ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ቆሟል፤ ሣር በጎማዎቹ መሃል አድጎ ወጥቷል። ወጣቱ ጽዱ ሥር ተንበርክኮ ልጣጩን በጣቱ ይቦጫጭቃል። የተላጠው ብርቱካን ሳይበላ አጠገቡ ተቀምጧል።

"አታፍርም?" አሉት። "የልጅ ድምፅ እያወጣህ የማታይ ሴት ታሞኛለህ?"

ወጣቱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ብጥስጣሹን ልጣጭ ሰብስቦ በቀዳዳው መለሰ። ከማዶ የባለቤታቸው ነጠላ ጫማ ኮሽታ እየራቀ ሄዶ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

"አደራዎን ጋሼ፣ ልጄ መሞቱን ለእማማ እንዳይነግሯቸው።"