የቁጥር አርባ ሰባት ድምፅ

ጸሐፊው የደጋፊዎቹን መዝገብ ይዞ ቁጥር ይጠራ ነበር። የተጠራው ተነስቶ «ይቆይ» ወይም «ይቀየር» ይላል። የእግር ኳስ ክለቡ ስሙን ያገኘው ከከተማው ጥጥ ፋብሪካ ነበር፤ አሁን ፋብሪካው ተዘግቶ አዲሱ የክለቡ ባለቤት ሌላ ስም ፈልጓል። «አርባ ሰባት!» ሲባል አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከሽማግሌዎቹ መሐል ወደተቀመጠችው ወጣት ዞሩ። አርባ ሰባት አባቷ ነበር፤ ከሞተ ገና ወሩ ነው። «በደንባችን የሟች ድምፅ ለልጁ ነው» አለ ጸሐፊው።

ከጎኗ የተቀመጠው የአባቷ ጓደኛ «ተነሺ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አላት። «ለዚህ ስም እንደ አባትሽ፣ እንደ ‹ጥሩምባው›፣ የጮኸለት ማን አለ?»

«ብቻ እንደሱ ጆሯችንን እንዳታደነቁሪው!» አለ ከኋላ አንዱ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ተናጋሪው ግን ዓይኑን ጠረገ።

የአባቷን የአንገት ልብስ በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች። የፋብሪካው ስም በትልልቅ ፊደላት ተጠልፎበታል። አባቷ በዚያ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ጥጥ ሲያበጥር የሳበው ብናኝ ሳንባውን ጨርሶት፣ በመጨረሻው ሳምንት ውሃ የሚጠይቃት እንኳ በእጁ ምልክት ነበር። አንድ ከሰዓት ይህንኑ ልብስ ከግድግዳው እንድታወርድለት ጠቆማት። ናፍቆት መስሏት አንገቱ ላይ ልታደርግለት ስትል፣ ያለችውን ትንፋሽ አሰባስቦ «ከፊቴ አንሺልኝ» አላት። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው ይጠብቋታል። የአንገት ልብሱን ስሙን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችው።

«ይቀየር» አለች፣ ለራሷም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

«አልሰማሁሽም፣ እህቴ። እስቲ ድገሚው» አለ ጸሐፊው።

የአባቷ ጓደኛ ግን ሰምቶ ነበር። ቀና ብሎ ሳያያት ወንበሩን ከእሷ ፈቀቅ አደረገ።