አግድም አሥራ አራት

«እርሳስ ያዢ እማዬ፤ ብትሳሳቺ ታጠፊዋለሽ» ትለኛለች ልጄ ኢየሩስ።

«የምጽፈው በእስክሪብቶ ነው» እላታለሁ። እርሳስ የሚይዘው መሳሳቱን ከወዲሁ የተቀበለ ሰው ነው።

የረቡዕ ጋዜጣ ሮቤ የሚደርሰው ሐሙስ ነው። ባለ ሻይ ቤቱ ወዚር ሻይ ሊጠጣ ለመጣ ሁሉ ያስነብበዋል፤ መስቀለኛ ቃላቱ ያለበትን ገጽ ግን እኔ ሳልመጣ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። የሌላው ቀን መስቀለኛ የልጅ ጨዋታ ነው። የረቡዑን የሚያዘጋጀው ሰውዬ ግን ክፉ ነው፤ ስለ ክፋቱም እወደዋለሁ።

ዛሬ ለጨዋታ አልተቀመጥኩም። ኢየሩስ ከአዲስ አበባ የመጣችው ልትወስደኝ ነው። ስትሮክ ከመታኝ ወዲህ ቃላት ይጠፉብኛል። ትናንት እሷ ባለችበት ባለሱቁን ጨው ስጠኝ ለማለት ሳሙና ስጠኝ አልኩት። ሳሙናውን ወጥ ቤት ሳስቀምጥ አይታ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ለአንድ ወር ብቻ ነው እማዬ» ትላለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው! ቤቴን ዘግቼ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስሜን በማያውቁ ሰዎች መሀል ልቀመጥላት ነው።

ስለዚህ ጠዋት ተወራረድን። የዛሬውን መስቀለኛ ብቻዬን ከሞላሁ እዚሁ ሮቤ እኖራለሁ። ካቃተኝ ነገ ያለ ጭቅጭቅ አብሬያት አውቶቡስ እሳፈራለሁ።

ሞልቼዋለሁ፤ ሁለት ቤት ብቻ ቀረኝ። አግድም አሥራ አራት፦ «በብርዳም ተራራ ላይ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል።» ሦስት ፊደል። የመጨረሻዋ «ራ» ከላይ ወደ ታች ከወረደው «መብራት» ተገኝታለች።

አውቀዋለሁ እኮ! የሚያናድደኝም ይኸው ነው። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ለመስክ ሥራ ወደ ደሎ መና ስንወርድ ሰኔቲ ተራራ ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጉሙ ውስጥ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው እዚህም እዚያም ቆሞ። ግንዱ ይታየኛል፤ አናቱ ላይ ያለው ቅጠል ይታየኛል። ስሙ አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል።

ቀና ስል የኢየሩስ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። የምትረታው እኔን ሲያቅተኝ ነው፤ ግን አላስቻላትም።

«ጅ...»

«ዝም በይ!» ጠረጴዛውን እመታዋለሁ። ሻይዋ ይፈስሳል። «አንቺ ልጅ ሆነሽ እኔ ፈተና ላይ ሹክ ብዬሽ አውቃለሁ?»

አንገቷን ትደፋለች። ታሳዝነኛለች፤ ቢሆንም ይቅርታ አልጠይቃትም።

ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ። አንድ ቃል መጣ። የጠራሁት አይደለም፤ ልጅ ሆኜ ጎባ፣ የጎረቤታችን የዙቤዳ እናት ትጠራበት የነበረው የኦሮምኛ ስም ነው። ስትሮኩ አማርኛዬን ሲያምሰው ኦሮምኛዬን ብዙም አልነካውም። ታሩራ። ሦስት ፊደል ነው፤ መጨረሻውም «ራ»። ጋዜጣው የጠየቀው በአማርኛ መሆኑን አውቃለሁ። እያወቅሁ ሁለቱን ባዶ ቤቶች በእስክሪብቶ ሞላኋቸው።

ኢየሩስ ጎንበስ ብላ ታነባለች። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ኦሮምኛ ነው። መልሱ ጅባራ ነው።»

ጅባራ። ከአፏ ሲወጣ ወዲያው አወቅሁት፤ ደሜ ፈላ።

«እሺ፣ ረትተሽኛል» እላታለሁ። «ግን አልሄድም።»

«ቃል ገብተሽልኝ የለም እንዴ!»

«ገብቼ ነበር። አጠፍኩት። ሸዋርጋ በስተርጅና ቃሏን አጠፈች ብለሽ ለፈለግሽው ተናገሪ።» ከዚያ ወደ ሻይ ቤቱ ዞሬ ባለ በሌለ ድምፄ እጮሃለሁ፤ «ታሩራ!»

ወዚር ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ይዞርና ባዶ እጁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ የተክሉን ቁመት ያሳያል። «ሰኔቲ ላይ ያለው? ማሊ፣ አዴ ሸዋርጋ? ምን ሆነ?»

በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሹፌሩ ሙለታም እጁን አንስቷል። «ትናንት ከደሎ መና ስመጣ አይቼዋለሁ። አመዳይ ለብሶ ቆሟል፤ ምንም አልሆነም» ይለኛል፣ ስለ ዘመድ የጠየቅሁት ይመስል።

«አየሽ?» እላታለሁ ልጄን። «እዚህ በየትኛውም አፍ ብጠራው የሚያውቅልኝ አለ። አንቺ ጋ ፎቅ ላይ ሆኜ ታሩራ ብዬ ብጮህ ማን እጁን ያነሳልኛል? አበደች ነው የሚሉኝ።»

ኢየሩስ የፈሰሰውን ሻይ በሶፍት ትጠርጋለች።

«ኦሮምኛውም የጠፋብሽ ቀንስ፣ እማዬ? ያኔስ ምን ትያለሽ?»

ይህን እኔም ብቻዬን ስሆን ራሴን እጠይቃለሁ። እፈራለሁም። ለሷ ግን አላሳያትም።

«ያኔ እንደነሱ በእጄ አሳያለሁ» እላለሁና እጄን አነሳለሁ። ስትሮኩ ያደከመው ቀኝ እጄ ነው የተነሳው፤ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጥርሴን ነክሼ እገፋዋለሁ። አይወጣም። እኔም አላወርደውም።

ኢየሩስ ሶፍቱን ጣለችው። ተነስታ መጣችና ክርኔን ከሥር ይዛ፣ እጄ ከራሴ በላይ እስኪሆን ድረስ ቀስ እያደረገች ወደ ላይ ገፋችው።