ክረምቱን ሙሉ ልኳ የነበረው ጉርድ

ሚዛኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ጫማዋን አወለቀች፤ ሹራቧንም፣ የጆሮ ጌጧንም። የፀጉር ማስያዣዋን ልትነቅል ስትል ሲስተር ሳቋን መያዝ አቃታትና፣ እሱስ ይቅር ድንቡሼ፣ በፀጉር ማስያዣ የወደቀ ሰው እስካሁን አላየሁም አለቻት። ነርሷ ሳትቀር ድንቡሼ ነው የምትላት። ታናሽ ወንድሟ አፉን ከፈታ ጀምሮ የሚጠራት እንደዚያ ነው፤ ከስታም እንኳ ስሙ አልለቀቃትም።

ወንድሟ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ደሙ ክንዱ ላይ በተሰኩት ቱቦዎች ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ ታጥቦ ይመለሳል። ኩላሊት የምትሰጠው እሷ ናት። ዶክተሩ መጀመሪያ ያያት ጊዜ፣ በዚህ ውፍረትሽ ቢላ አላነሳብሽም ብሎ መለሳት። በጋውን ሙሉ ስኳርና ዘይት እርም ብላ፣ ሥራ በእግሯ እየተመላለሰች፣ ከተባለው ክብደት በታች ወረደች። ይሄኔ የቀዶ ጥገናው ክፍል ለእድሳት ተዘጋና ክረምቱ እስኪያልቅ ጠብቁ ተባሉ።

አሁን ተከፍቷል። ሰኞ ተራው የነሱ ነው፤ የቀራት ሚዛኑ ላይ መውጣት ብቻ ነው። ወንድሟ ሌላ ተራ የሚጠብቅበት አቅም የለውም። የክንዱ ደም ሥሮች አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው፤ ዶክተሩም ይህን አልደበቃትም።

ወጣች። ሲስተር የሚዛኑን ቁጥር ጎንበስ ብላ አየች። ወርደሽ ድገሚው አለቻት፤ ደገመችው።

"ስድስት ኪሎ ጨምረሻል" አለች ሲስተር ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ድንቡሼ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ ድርቅ አለች። ሲስተር ራሷ ወጥታበት አሳየቻት፤ ሚዛኑ ደህና ነው። ክረምት ማን የማይጨምር አለ፣ ብርዱ ያስበላል፣ ዝናቡ ከቤት ያውላል፤ ሁለት ኪሎ ቢሆን ዶክተሩ እንዳላየ ያልፈው ነበር፣ ስድስቱን ምን ልበለው አለቻት። ደወለችለትም። መልሱ አጭር ነበር፤ አይሆንም፣ ቀንሳ ትምጣና ሌላ ተራ ትያዝ፣ ሰኞን ለሚቀጥለው ስጪ።

"ጉርዴ እኮ ልኬ ነው" አለች ድንቡሼ። "ይኸው፣ ይዘጋል።"

ቤቷ ሚዛን የለም። ሚዛን የሌለው ሰው አንድ ልብስ ይምረጥ፣ እሱ እስከገባ ድረስ አያስብ ብሎ የመከራት ራሱ ዶክተሩ ነው። እሷም ስትከሳ በልኳ ያሰፋችውን ይህን ግራጫ ጉርድ መርጣ፣ በየሳምንቱ እየለካችው ተመስገን ስትል ከረመች። ዝናቡ ሲብስ የእግር መንገዱን ትታ አውቶቡስ ለምዳለች፤ እውነት ነው። አብሯት የሚኖረው ወንድሟ ማታ ማታ የሚሠራላትን ወፍራም ሾርባና በቅቤ የተጠበሰ ዳቦም እምቢ አላለችም። እሱ ጨው የተከለከለ፣ ውሃ እንኳ በልክ የሚጠጣ ሰው ነው። አንቺ ስትበዪ እኔ እጠግባለሁ እያለ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ሲያያት፣ ሳህኑን መግፋት ጭካኔ መሰላት። ደግሞስ ጉርዱ እስከገባ ምን ቸገራት።

ጫማዋን ለማድረግ ጎንበስ ስትል የጉርዱ ወገብ ተገለበጠ። ከውስጥ በኩል፣ ከስፌቱ አጠገብ፣ ክሩ የወጣለት የመርፌ ቀዳዳ ተደርድሮ አየች። ከሱ ቀጥሎ ሌላ ድርድር። ከዚያም ሌላ። ለትርፍ ታጥፎ የነበረው ጨርቅ አልቆ፣ የመጨረሻው ስፌት ጫፉ ላይ ደርሷል። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነው። ልብሷን በየሳምንቱ ተኩሶ የሚሰጣት ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው።

መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ወገቡን ገልብጣ ስታሳየው አልካደም። ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

"እማዬም የእንቅርት ቀዶ ጥገና ምን አላት ብላ እየሳቀች ነው የገባችው" አለ። "በሩ ላይ ቆሜ የጠበቅኳት እኔ ነኝ፤ ተሸፍና ስትወጣ ያየኋትም እኔ። አንቺ ሁለት ልጆች አሉሽ። እኔን ማን ይጠብቀኛል?"

"እኔ" አለችው።

በጥፊ ልታጮለው እጇን በላት፤ ማሽን ላይ የታሰረን ሰው ግን በየት በኩል ይመቱታል። ፈሪ አለችው፣ ጨካኝ አለችው፣ የምራቋ ፍንጣሪ ብርድ ልብሱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። "በማንኪያ በማንኪያ የበላሁት አንተን ነው" አለችው መጨረሻ ላይ። እሱ ፈገግ አለ። ቆርጫለሁ፣ ልቤ አርፏል፣ ደግሞ ስትከሺ መልክሽ ጠፍቶ ነበር አላት።

ከመጋረጃው ወዲያ ሲስተር ስልክ ስታናግር ይሰማል። ሰኞ ቦታ ተገኝቷል፣ ልጅሽን ይዘሽ ትደርሻለሽ ወይ አለች። ከዚያ የሴት ለቅሶ ከስልኩ ውስጥ ፈነዳ፤ ሴትዮዋ ቤት ውስጥ ላለ ሰው፣ ተነሳ፣ ልጃችን ሊድን ነው እያለች ትጮሃለች፣ ወንበር ሲወድቅ፣ ሌላ ሰው ሲያለቅስ ይሰማል። ሲስተር ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ክፍሉ በሙሉ ሰማ።

የወንድሟ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። ቱቦ በሌለበት እጁ አልጋውን ዳብሶ ጣቶቿን አገኘ። ሊያጽናናት መሰላት። ጨበጣት፤ ከዚያ አጠበቀ፤ ጣቷን እስኪያማት ድረስ አጠበቀ።

"ድንቡሼ" አለ፣ ከንፈሩ ደርቆ። "ሲስተርን ጥሪያት። ሰኞን አትስጭብኝ በያት።"

ሴትዮዋ በስልኩ ውስጥ አሁንም እየመረቀች ነው።